ከባድ ተሳቢ ለሚጎትት የናፍጣ ፒክ አፕ የሚያስፈልግ ዝግጅት

ድርቅ ባጠቃው አካባቢ ለሚኖር ሕዝብ ከሚቀርበው እርዳታ ሁሉ በክብደቱ ከፍተኛውን ስፍራ የሚይዘው እህል ሳይሆን ውሃ ነው። ለዚህም ማስረጃው ቀላል ስሌት ነው። በአገራችን በተለመደው የእርዳታ ልክ መሠረት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ይታደላል፤ በዓለም አቀፉ የሰብአዊ እርዳታ መመዘኛ ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ ሊደርሰው ይገባል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። እንግዲህ 2,000 ኪሎ ግራም እህል ለ133 ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ሲሆን፣ ያው ክብደት ያለው ውሃ ግን ለእነዚሁ ሰዎች የሚበቃው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። እህሉ በወር አንድ ጊዜ ከተጓጓዘ ይበቃል፤ ውሃው በየማለዳው መንገድ መውጣት አለበት።

የማጓጓዣ ችግር በእርዳታ ሥራ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1977 ዓ.ም. ከገጠሙት ከባድ ችግሮች አንዱ፣ በአሰብ ወደብ የደረሰውን እህል ወደ ተራቡት ወገኖች የሚያደርስ የጭነት መኪና ማነስ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ከፊሉን በአውሮፕላን ማመላለስ ግድ ሆኗል። በዚያው ዓመትና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ጎጃም እንዲሰፍሩ ሲደረግም፣ ከዋናው መንገድ ርቀው ወደተቋቋሙት ጣቢያዎች ውሃ፣ ዘርና የወፍጮ ሞተር ማድረስ ራሱን የቻለ ትግል ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉ ጊዜ እንደገና ውሃ በመኪና ማመላለስ አስፈልጓል።

ለዚህ ሥራ በቅድሚያ የሚመረጠው ትልቁ የውሃ ቦቴ ነው። ይሁን እንጂ ቦቴው የማይዞርበት ጠባብ መንገድ፣ የማያሻግረው ደካማ ድልድይና የሚሰምጥበት አሸዋማ ወንዝ በየስፍራው ይገኛል። በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የመጨረሻውን ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ከኋላው የውሃ ተሳቢ የተቀጠለለት የናፍጣ ፒክ አፕ ነው። ይህ መኪና ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ለከባድ ጉተታ የተዘጋጀ ስላልሆነ፣ አስፈላጊው ሁሉ ሳይሟላለት ቢሠማራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ሞተሩ ይጎትታል ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም። ጭነቱን ይዞ ቁልቁለቱን በደህና ይወርዳል ወይ? በማግስቱስ ይመለሳል ወይ? የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ።

መጀመሪያ ሚዛን

ዝግጅቱ የሚጀመረው በመፍቻ ሳይሆን በሚዛንና በእርሳስ ነው። ሠሪው ፋብሪካ ለእያንዳንዱ መኪና ሦስት የክብደት ጣሪያዎችን ይወስናል። አንደኛው መኪናው ራሱ ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው ነው። ሁለተኛው የሚጎተተው ተሳቢ ከነጭነቱ ሊኖረው የሚገባው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የሁለቱ ድምር ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢታለፍ ሁለቱ በመከበራቸው ብቻ ጉዞው አስተማማኝ አይሆንም።

ለስሌት ማሳያ ያህል፣ የራሱ ጣሪያ 3,300፣ የተሳቢው ጣሪያ 3,000፣ የድምሩ ጣሪያ 6,000 ኪሎ ግራም የሆነ ፒክ አፕ እንውሰድ። ባዶ መኪናው 2,200 ኪሎ ግራም፣ አሽከርካሪውና ሁለት ሠራተኞች 225፣ በ130 ሊትር ናፍጣ የተሞላው ሳልባትዮ 110፣ የመሥሪያ ዕቃ፣ ትርፍ ጎማና የመጠጥ ውሃ 165 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ድምሩ 2,700 ይሆናል። ተሳቢው ባዶውን 800 ኪሎ ግራም ቢመዝንና 2,000 ሊትር ውሃ ቢጫንበት 2,800 ይደርሳል። የሁለቱ ድምር 5,500 ኪሎ ግራም ስለሚሆን ሦስቱም ጣሪያዎች ተከብረዋል፤ ለመጥፎ መንገድ የሚሆን መጠነኛ ማመዛዘኛም ቀርቷል። በተሳቢው ላይ 3,000 ሊትር ቢሞላ ግን የተሳቢው ክብደት 3,800፣ ድምሩም 6,500 ይሆንና ሁለቱ ጣሪያዎች ባንድ ጊዜ ይጣሳሉ።

ይህ ስሌት በግምት የሚሠራ አይደለም። መኪናውና ተሳቢው ለሥራ እንደተሰናዱ፣ ሙሉ ጭነታቸውን ይዘው በመኪና ሚዛን ላይ መውጣት አለባቸው። የተገኘውም ቁጥር በመኪናው መዝገብ ላይ ከመስፈሩ በተጨማሪ አሽከርካሪው በሚያየው ቦታ ሊለጠፍ ይገባል።

ጋንቾና በላዩ የሚያርፈው ክብደት

ተሳቢው የሚያያዘው ከመከላከያ ብረት ጋር ሳይሆን ከሻንሲው ጋር በብሎን በተጠበቀ መያዣ ነው። ለአስፋልት መንገድ ኳስ መሰሉ ማያያዣ በቂ ነው። ጉድጓድና ገደላ ገደል ለበዛበት መንገድ ግን ተሳቢው ወደ ጎንም ወደ ላይና ወደ ታችም እንደ ልብ እንዲተጣጠፍ የሚያስችለው፣ መቆለፊያ ያለው ጋንቾና የቀለበት ዘንግ ይመረጣል። ከዚህም ሌላ ጋንቾው ቢከዳ ተሳቢው መንገድ ስቶ በሰውና በከብት ላይ እንዳይሄድ፣ ሁለት ሰንሰለቶች ከዘንጉ ሥር ተሻግረው መታሰር አለባቸው። ተሻግረው ሲታሰሩ የወደቀውን ዘንግ አቅፈው መሬት እንዳይነካ ይይዙታል።

ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ በጋንቾው ላይ ማረፍ ይኖርበታል። ከዚህ በእጅጉ ካነሰ ተሳቢው ጅራቱን እንደሚወዛውዝ እንስሳ ግራና ቀኝ መዋዠቅ ይጀምራል። ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ተጭኖ ፊቱ ስለሚቀል መሪው ይላላል፤ የፊት ፍሬንም ኃይሉ ይቀንሳል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ በጋንቾው ላይ የሚያርፈው 280 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ የፒክ አፑ ክብደት ከ2,700 ወደ 2,980 ከፍ ይላል። በመኪናው የዕቃ መጫኛ ላይ «ባዶ ነው» በማለት ተጨማሪ ጆንያ የሚጭን ሰው ይህን የማይታይ ሸክም ይረሳል።

ይህን ክብደት ለማወቅ በየእህል መጋዘኑ የሚገኘው 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚዛን ይበቃል። ጠንካራ ሳንቃ አንዱን ጫፍ በድንጋይ ላይ፣ ከዚያ 2 ሜትር ርቆ የሚገኘውን ደግሞ በሚዛኑ ላይ ማሳረፍ፤ ሚዛኑ ሳንቃውን ብቻ ይዞ የሚያሳየውን ቁጥር መመዝገብ፤ ቀጥሎም የተሳቢውን ዘንግ ከድንጋዩ 50 ሳንቲ ሜትር በሚርቅ ነጥብ ላይ ማስቀመጥ ነው። የሳንቃው ድርሻ ተቀንሶ ሚዛኑ የሚያሳየው የእውነተኛውን ክብደት አንድ አራተኛ ስለሚሆን፣ 70 ቢያሳይ ክብደቱ 280 ኪሎ ግራም ነው ማለት ነው። ቢያንስ ወይም ቢበዛ ታንኩን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በማዛወር ይስተካከላል።

የታንኩ ሁኔታ

ውሃ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ጭነት አይደለም። መኪናው ሲቆም ወደ ፊት፣ ሲነሳ ወደ ኋላ፣ ሲታጠፍ ወደ ጎን ይፈሳል። በዚህ ረገድ እጅግ አደገኛው ሙሉው ታንክ ሳይሆን ግማሹ የጎደለው ነው፤ ምክንያቱም ውሃው የሚሮጥበት ሰፊ ቦታ ያገኛል። ስለዚህ ታንኩ በውስጡ ቀዳዳ ያላቸው መከፋፈያ ግድግዳዎች ሊኖሩት፣ ቁመቱም አጭር ሆኖ በአክስሉ ላይ ዝቅ ብሎ ሊታሰር ይገባል። ብዙ ጊዜ ከቤት ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውና ሮቶ የሚባለው የፕላስቲክ በርሜል በተሳቢ ላይ ታስሮ ይታያል። በርሜሉ ለቆመ አገልግሎት የተሠራ ስለሆነ መከፋፈያ የለውም፤ ቁመቱም ረጅም ነው። ሌላ ታንክ ታጥቶ በርሱ መጠቀም ግድ ቢሆን፣ ሙሉውን ይዞ ሄዶ በአንድ ማደያ ላይ ጨርሶ ማራገፍ እንጂ በየመንደሩ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ መጓዝ አይገባም።

ባሌስትራና ጎማ

የኋላው ተጭኖ የተመለከተ ጋራዥ ወዲያው ተጨማሪ ባሌስትራ መደረብን ያስባል። መደረቡ መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ፋብሪካው የወሰነውን ጣሪያ አንድ ኪሎ ግራም እንኳ ከፍ አያደርገውም። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ሻንሲውና ፍሬኑ እንደነበሩ ናቸው። እንዲያውም ባሌስትራው በመጠንከሩ መኪናው የተጨነቀ ስለማይመስል፣ ከመጠን በላይ መጫኑን የሚያስታውቀው ምልክት ይጠፋል።

ጎማን በተመለከተ በጎኑ ላይ የተጻፈው የጭነት ቁጥር መነበብ አለበት። ለምሳሌ 121 የሚለው ቁጥር አንዱ ጎማ 1,450 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል ያመለክታል። ይህም የሚሆነው ነፋሱ በተወሰነለት ልክ ሲሞላ ብቻ ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ስለሚተጣጠፍ ይግላል፤ በቆላ ሙቀት ላይ ሲደመርም ይፈነዳል። ነፋስ የሚለካው ጎማው ሳይግል በማለዳ ነው። ከጉዞ መልስ የጋለውን ጎማ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ስሕተት ነው። ከሁሉም በላይ የተሳቢው ቸርኬና ጎማ ከፒክ አፑ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን፣ አንዱ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ከከተማ 100 ኪሎ ሜትር በራቀ ስፍራ ይህ የቀኑ ውሃ መድረሱን ወይም መቅረቱን የሚወስን ጉዳይ ነው።

ሞተርና ማቀዝቀዣ

በእርዳታ ሥራ ላይ በብዛት ከሚታዩት መኪናዎች አንዱ የሆነው የቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክ አፕ፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ዓይነት አለው። ይህን የመሰለ ቱርቦ አልባ ሞተር የሚተነፍሰው በአካባቢው ያለውን አየር ብቻ ነው። አየሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚሳሳ፣ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በመሆኑም በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ጉልበቱ በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ ለተለካ አቅም የተጻፈው የጉተታ ቁጥር በደጋ ዳገት ላይ በሙሉ እምነት አይጣልበትም።

ይህን ጉድለት ለመሸፈን በየጋራዡ የሚደረገው የናፍጣ ፓምፑን ብሎን ከፍቶ ነዳጅ ማብዛት ነው። ነገር ግን የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ ስላልሆነ፣ የበዛው ናፍጣ በሙሉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የሲሊንደሩም ሙቀት ከልክ ያልፋል። ጥቁር ጭስ የብርታት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል፤ እርሱ ግን የብክነት ምልክት ነው። ያለ ቱርቦ በተሠራ ሞተር ላይ ቱርቦ መጨመርም ፒስተኑን፣ ጋርኒሶኑንና ማቀዝቀዣውን ላልታሰበላቸው ሙቀት ስለሚያጋልጥ፣ ከባለሙያ ስሌት ውጭ የሚሠራ አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ ማርሽን በአግባቡ መጠቀም ነው። ሞተሩ እየተንገጫገጨ በከባድ ማርሽ ከሚጎትት፣ አንድ ማርሽ ቀንሶ በቀላሉ ቢሽከረከር ይሻላል፤ አምስተኛ ማርሽም ለባዶ ጉዞ እንጂ ለጉተታ አይውልም። በዳገት ላይ ከቆመበት ሲነሳ ፍሪሲዮኑን ከማቃጠል ይልቅ ዝቅተኛውን ረዳት ማርሽ ማስገባት ይገባል።

ራዲያተሩ በአቧራና በሣር ፍሬ ሲደፈን ዳገት ላይ የሚፈላው ሞተር «ደከመ» ይባላል። ስለዚህ ራዲያተሩ ከውስጥ ወደ ውጭ በውሃ መታጠብ፣ ቺንጋውና ክዳኑም መመርመር አለባቸው። ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ ይህ እንዳይሆን ግፊት ይዞ የሚያቆየው እርሱ ነው። በራዲያተር ውስጥ ከጉድጓድ የወጣ ጨዋማ ውሃ መጨመር ዝቃጭ እየሠራ ቧንቧዎቹን ስለሚያጠብ፣ ለዚሁ የተዘጋጀው ፈሳሽ ቢጠቀሙ ይመረጣል። የአየር ፊልትሮው በየቀኑ መታየት፣ ከበርሜል የሚቀዳው ናፍጣም ረግቶና ተጣርቶ መሞላት አለበት፤ የናፍጣ ፓምፕን እንደ ውሃና እንደ አቧራ የሚጎዳው ነገር የለም።

ፍሬን

ዳገት የሚፈትነው ሞተርን ነው፤ ሕይወትን የሚፈትነው ግን ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ፣ ወይም ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል። 5,500 ኪሎ ግራም የሚመዝነው መኪናና ተሳቢ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል፣ 160 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ኃይል ሞተሩና የመንገዱ ልግመት የማይወስዱት ሁሉ ሙቀት ሆኖ በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ያርፋል።

ፍሬን ሲግል ሸራው መያዝ ያቆማል፤ ቀጥሎም የፍሬን ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ለምሳሌ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ይህ ወሰን ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ስለሆነም ተሳቢ የሚጎትት መኪና የፍሬን ዘይት ባይጎድልም እንኳ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሊለወጥ ይገባል።

ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሊኖረው የግድ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ ግራም እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ በራሱ የሚይዘው ፍሬን ቀላልና ሽቦ የማይፈልግ ቢሆንም፣ በረጅም ቁልቁለት ያለማቋረጥ እየያዘ ይግላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው በአሽከርካሪው ቁጥጥር ሥር ይውላል፤ ነገር ግን ሽቦው ከድንጋይና ከአቧራ መጠበቅ ይፈልጋል። የትኛውም ቢመረጥ ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን በራሱ የሚስብ ገመድ ሊኖረው ይገባል።

ቁልቁለት የሚወረደው በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ነው። ማርሹም የሚቀነሰው መውረድ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መኪናው ፍጥነት ካገኘ በኋላ ላይገባ ይችላልና። ተሳቢው መዋዠቅ ቢጀምር ፍሬኑን በድንጋጤ መርገጥ ሁኔታውን ያባብሰዋል፤ እግርን ከነዳጅ ላይ አንስቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የተሳቢው ፍሬን ለብቻው የሚታዘዝ ከሆነም እርሱን ብቻ ቀስ ብሎ መሳብ ይበቃል።

የትርፍ ጭነት ዋጋ

የውሃ እጥረት በጸናበት ጊዜ «አንድ ሺህ ሊትር ቢጨመርበት ምን አለበት?» የሚል ሐሳብ ከቅንነት የሚመነጭ ነው። ተጨማሪው 1,000 ሊትር ለ66 ሰዎች የሚበቃ ስለሆነ ሐሳቡን በቀላሉ መንቀፍ አይቻልም። ነገር ግን ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ሊሠራ ይገባል። በቀን 2,000 ሊትር የሚያደርስ መኪና በተሰበረ ኩሽኔታ ወይም በተቃጠለ ፍሪሲዮን ምክንያት ለ7 ቀን ቢቆም 14,000 ሊትር ውሃ ይቀራል። በትርፍ ጭነት የተገኘው 1,000 ሊትር ይህን የሚተካው በ14 ቀን ነው። በወረቀት ላይ ትርፉና ኪሳራው የተካካሱ ይመስላሉ፤ ሰው ግን ዛሬ የተቋረጠበትን ውሃ ባለፈው ሳምንት ከተረፈው ላይ አይጠጣም። ተጨማሪ ሕዝብ ሲኖር መፍትሔው ምልልስ መጨመር፣ ሁለተኛ ተሳቢና መኪና መጠየቅ፣ ወይም ቦቴው እስከሚደርስበት ነጥብ ድረስ ውሃ የሚከማችበት ጋን መትከል ነው።

ከጉዞ በፊት የሚደረግ ምርመራ

በየማለዳው ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የፍሬን ዘይትና የሁሉም ጎማዎች ነፋስ ይታያል። የጋንቾው መቆለፊያ፣ ሁለቱ ሰንሰለቶች፣ የፍሬን ገመዱና የተሳቢው መብራት በእጅ ተነክተው ይረጋገጣሉ። ከ20 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ ቆሞ የቸርኬ ዳዶዎችን እንደገና ማጥበቅ፣ የተሳቢውንም ታምቡርና ኩሽኔታ ሙቀት በእጅ ጀርባ ከአጠገቡ ማዳመጥ ያስፈልጋል። አንደኛው ጎን ከሌላው በላይ ከጋለ፣ ፍሬኑ ተጣብቋል ወይም ኩሽኔታው ቅባት አጥቷል ማለት ነው። ማታ ሲገባም የተጓዘው ርቀት፣ የፈጀው ናፍጣና ያደረሰው ውሃ በመዝገብ ይሰፍራል። የናፍጣው መጠን ያለ ምክንያት ሲጨምር ብልሽቱ ገና ሳይታይ መጠርጠር ይቻላልና።

ይህ ሁሉ ምርመራ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። በማደያው ዙሪያ ጀሪካን አሰልፈው ለሚጠብቁት እናቶችና ሕፃናት መኪናው በግማሽ ሰዓት ቢዘገይ የሚደርስባቸው ችግር ሊታገሡት የሚችሉት ነው፤ ጨርሶ ቢቀር ግን ባዶውን ጀሪካን ተሸክመው ወደ ራቀውና ንጽሕናው ወዳልተጠበቀው ኩሬ ለመሄድ ይገደዳሉ።